ከካርቶኑ ማዶ

«ጥላው ጠፋ!» ብሎ ጮኸ አብዱልከሪም። «አንቺ ሀሚዳ፣ አይታይም እኮ፣ ወደ ኋላ በይ!»

ሀሚዳ ወደ ኋላ አላለችም። መሣሪያዋን ወደ ግራ አዞረችና ማንም በሌለበት ባዶ በር ላይ ተኮሰች። ካባ የለበሰው ጥላ ከየት መጣ ሳይባል በሩ ሥር ተዘረረ። ስክሪኑ ቀላ፣ ሁለተኛው ዙር አለቀ። አንድ ለአንድ።

ከወንበሮቹ ጀርባ ቆመው የሚያዩት ልጆች ጌም ቤቱን በጩኸት አናጉት። አብዱልከሪም ዘሎ ተነሣና ጠረጴዛውን ለሁለት ከሚከፍለው ካርቶን ማዶ ወደተቀመጡት ሁለት ወንድማማቾች አንገቱን አሰገገ። «ፋራ ሁላ! ሂዱና ብይ ተጫወቱ!» አላቸው። ታላቅየው ኩማ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ጥላውን ሲያጫውት የነበረው ታናሽየው ዱጉማ ግን አሁንም ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር።

«ይቺ ልጅ ስክሪን ታያለች!» አለ ኩማ።

በዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አራቱ ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ለሁለት ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የቴሌቪዥን ካርቶን ተቀዶ ቆሟል። የተቃራኒውን ስክሪን ሲያይ የተያዘ ሰው ለወር ያህል ከደጃፉ አይደርስም።

የጨዋታው ትክክለኛ ስም ረዥም የፈረንጅ ስም ነው። የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጆች «አሬና» ብለው ተገላግለውታል። ሁሉም ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ደግሞ የራሱ ፓወር አለው። የአብዱልከሪም ሰውዬ ከመሬት ግንብ ያበቅላል። የኩማው መብረቅ ይጥላል። የዱጉማ ጥላ ለጥቂት ጊዜ ከዐይን ይሰወራል። ሀሚዳ የምታጫውተው ሐኪሟን ነው፤ የቆሰለ ጓደኛዋን ታድናለች። የወደቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ ተጋጣሚውን አምስት ጊዜ ቀድሞ የጣለ ዙሩን ይወስዳል፤ ሁለት ዙር የወሰደ ጨዋታውን። የዛሬውን ያሸነፈ ጥንድ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ሜክሲኮ አደባባይ ሄዶ ከሌሎች ጌም ቤቶች ጋር ይገጥማል።

«ማነው ስክሪን የሚያየው?» የቤቱ ባለቤት እትዬ ጠጅቱ የሞባይል ካርድ ከሚሸጡበት ጥግ ተነሥተው መጡ። ሀሚዳን አስነሥተው ወንበሯ ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውንም ወዲያና ወዲህ አሉ። «እኔ እዚህ ሆኜ የሚታየኝ ካርቶን ነው። ልጅቷን ተዋት።»

«ታዲያ በምን አወቀች? ዱጉማ እኮ አይታይም ነበር!»

«በችሎታ ነዋ!» አለ አብዱልከሪም። «ልጅቷ ከኋላዋም ዐይን አላት።»

ሀሚዳ እትዬ ጠጅቱ የለቀቁላት ወንበር ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ጋለ። ዱጉማ የት እንዳለ የነገራት ራሱ ኩማ ነበር፤ እየጮኸ፣ በኦሮምኛ። «ግራው በር ጋ ቁምና ጠብቃት» ነበር ያለው።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለጓደኛ የሚነገር ነገር ለጠላትም ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም ጥንድ የራሱ ዘዴ አለው። አንዳንዱ በእግር ይጎሻሸማል፣ አንዳንዱ በቁጥር ያወራል። ወንድማማቾቹ በቤታቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ ከሚገጥሟቸው ልጆች አንዱም አይሰማውም ብለው ነው። ሀሚዳን ሁሉም የሚያውቃት «ወሎዬዋ» ብሎ ነው። ወሎ ውስጥ ከሚሴ የሚባል ከተማ እንዳለ፣ የከሚሴ ሰው ኦሮምኛ እንደሚናገር፣ እናቷም ከእህቶቿ ጋር በስልክ ሲሳሳቁ ሌላ ቋንቋ እንደማይወጣቸው ለማወቅ የደከመ የለም።

ደብቃም አልነበረም። ማንም አልጠየቃትም። ወንድማማቾቹን የገጠመች የመጀመሪያ ቀን ሳታስበው ሰማች፣ ሳታስበውም ተኮሰች፤ ያን ቀን ተጨበጨበላት። እዚያ ቤት ለሴት ልጅ ሲጨበጨብ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ጭብጨባው ጣማት። ከዚያ በኋላ መናገሩ እያደር ከበዳት።

«ትንሽ ዕረፉ» አሉ እትዬ ጠጅቱ። «ማሽኖቹም ይቀዝቅዙ፣ እናንተም ቀዝቅዙ።»

አብዱልከሪም ሀሚዳን ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው ወሰዳት። እሱ አሥረኛ ክፍል ነው፣ እሷ ስምንተኛ። አብሯት መጫወት የጀመረው የድሮ ጓደኛው ሰፈር ስለለቀቀ ነው፤ ይህንንም በየቀኑ ያስታውሳታል።

«አሁን የምርሽን ንገሪኝ። እንዴት አወቅሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ነገር ግን ምስጢሩን ብቻዋን መያዙ ሰልችቷታል። «ኦሮምኛ እሰማለሁ» አለችው።

አብዱልከሪም ግድግዳ ይዞ ሳቀ። «እና እስከ ዛሬ እኔ ሞኙ ልጅቷ ነፍስ ናት እያልኩ ሳካብድሽ! ለካ ችሎታ ምናምን የለም!»

ሀሚዳም ማታ ማታ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

«ስሚ» አለ ሳቁን ጨርሶ። «መናገርም ትችያለሽ አይደል? ኩማ መብረቁን ሊጥል ሲል በነሱ ቋንቋ ‹ተመለስ!› ብለሽ ትጮሂያለሽ። ያ ሕፃን ወንድሙ ይደነግጣል። ከዚያ እኔ እበላቸዋለሁ።»

«ማጭበርበር እኮ ነው።»

«እስከ ዛሬስ ምን ስታደርጊ ነበር?»

ሀሚዳ ልትገባ ወደ በሩ ዞረች።

«ሜክሲኮ መሄድ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ዛሬ ከተሸነፍን ሁለተኛ ከጎኔ እንዳትቀመጪ። ከኔ ሌላ ደግሞ እዚህ ቤት ከሴት ጋር የሚጫወት ካለ ፈልገሽ አምጪ።» መልሷን ሳይጠብቅ ጥሏት ገባ።

እውነቱን ነው፤ ሌላ ማንም የለም። ሀሚዳ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ውኃው ሮቶ ሄደች። ከሮቶው ጀርባ የልቅሶ ድምፅ ሰማችና ቆመች።

«እኔ ነኝ ያስበላሁህ» ይላል ዱጉማ በኦሮምኛ፣ ሳግ እየተናነቀው።

«ያንተ ጥፋት አይደለም አልኩህ» አለው ኩማ። በአማርኛ ሲሳደብ ከምታውቀው ድምፅ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። እኔንም ትበልጠኛለች። እዚያ ፊታቸው ላይ አልለውም እንጂ፣ እንደሷ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። በሷ መሸነፍ አያሳፍርም። በል አፍንጫህን ጥረግ።»

ሀሚዳ ሳትታጠብ ተመለሰች። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ያን የመሰለ ቃል ከሰው አፍ ስትጠብቅ ከርማለች። አሁን ሲመጣ ተደብቃ የሰማችው፣ ያውም የማይገባት ሆነ። ኩማ እንደ ጠላት ሲሰድባት የተሻለ ነበር።

«ዝግጁ ናችሁ?» አሉ እትዬ ጠጅቱ።

አራቱም ተቀመጡ። አብዱልከሪም ከጠረጴዛው ሥር በጫማው መታት፤ አትርሺ ማለቱ ነው። ከካርቶኑ ማዶ ኩማ ጎንበስ ብሎ ለወንድሙ መንገሩን ጀመረ፤ መጀመሪያ በቀኝ ግባ፣ ከዚያ ተሰወር።

ሀሚዳ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች።

«አፋን ኬሰን ነን ቤከ» አለች ጮክ ብላ። ቋንቋችሁን አውቃለሁ።

የኩማ ድምፅ ተቋረጠ። ቀስ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ዐይኖቹ ከካርቶኑ በላይ ብቅ አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?» አላት በዚያው በኦሮምኛ።

ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ መለሰችለት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ጥላውን ያገኘሁት አንተ ስትነግረው ሰምቼ ነው። ሁሌም።»

«ሰላይ!» አለ ከኋላ አንዱ። «ሼም ነው!» አለ ሌላው። አብዱልከሪም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «ደደብ! ማን ተናገሪ አለሽ?» ብሎ ጮኸባት። ዱጉማ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። ኩማ ግን እሷን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ጆሮዎቹ እየቀሉ መጡ።

«ቅድም ሮቶው ጋ…» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።»

«ውሰደው» አለች ሀሚዳ። ዐይኗን አልሰበረችም።

እትዬ ጠጅቱ ጫጫታውን በሁለት ጭብጨባ ጸጥ አሰኙት። «ሁለተኛው ዙር እንደገና ይደገማል። አንደኛውን እነ ኩማ ወስደዋል፤ ይህንንም ከወሰዱ ሜክሲኮ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ቅር ያለው በሩ ያውና።»

አብዱልከሪም ተቀመጠ፤ ወደ እሷ ግን አልዞረም። «በኔ ኪሳራ ጨዋ ልትሆኚ» አለ በጥርሱ። «ከዛሬ በኋላ አላውቅሽም።»

ዙሩ ተጀመረ። ከካርቶኑ ማዶ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም፤ ወንድማማቾቹ አፋቸውን ዘግተው በእግር ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ሀሚዳ ስክሪኑ ላይ ያለውን ግቢ መሻገር ጀመረች፤ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ከጣሪያ ላይ መብረቅ ወረደባት። ቀድማ የወደቀችው እሷ ሆነች። ከኋላዋ ሆን ተብሎ ተሳቀ።

«ይኸው ችሎታሽ!» አለ አብዱልከሪም።

ተነሥታ ወደ ቤቷ መሄድ አማራት፤ በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ሐኪሟ እስክትነሣ ድረስ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ከዚያም ማውሱን መልሳ ያዘች።

አብዱልከሪም ግንቡ ሥር ቆስሎ ተቀምጧል። አልጠራትም። እሷ ግን ሄደችና ቁስሉን አዳነችለት። አመሰግናለሁ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከግንቡ ጀርባ ቁጭ ብላ ግቢውን ማየት ጀመረች፦ ጉድጓዱን፣ የተሰበረውን ጋሪ፣ በአጥሩ ሥር ያለውን ሣር። ያ ሣር እዚያ እንዳለ እንኳ እስከ ዛሬ ልብ ብላ አታውቅም፤ ጆሮዋ እያለላት ዐይኗን ማድከም አላስፈለጋትም ነበር።

ጥላው ከስክሪኑ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ከሣሩ ጥግ አንድ ዘለላ ጎንበስ አለ፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለው። ንፋስ ይሁን የሰው እግር ማወቅ አልቻለችም፣ የሚነግራትም አልነበረም።

ሀሚዳ አፈሙዙን ወደ ሣሩ አዞረች።