ፊት ያልወጣላቸው ሁለት ወንበዴዎች

ስድስት ሰዓት ከአሥር። ዘግይቷል።

በስለላ ዓለም አሥር ደቂቃ ማለት አንድ መቃብር ነው።

አምባው የዲዲቲ መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ገባ። በ1956 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ላይ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። የማይገባበት ቤት፣ የማይከፈትለት ጓዳ የለም። ከአዋሽ እስከ ጅጅጋ እሱን የሚያህል ሰላይ አልተወለደም፤ ዝንብ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ከየትኛው ቤት እንደመጣች ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አምባው የሚለውም ስም የእሱ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው መዝገብ «ወንፊት» ብሎ ብቻ ያውቀዋል።

መልእክት የሚቀበለው ከሠዓሊው ከአለቃ ጎበዜ ነበር።

አለቃ መወጣጫው ሥር ወድቀዋል። አንገታቸው ተቆልምሟል።

የብሩሻቸው ቀለም ገና አልደረቀም።

ከአራት ቀን በፊት ቦኬ ገበያ ላይ፣ የማሽላ ጆንያ ተደግፈው አግኝቷቸው ነበር።

«ከሃዲውን በዓይኔ አየሁት» አሉ አለቃ። «ድንበር ተሻግሮ ከመጣው ሰው ጋር ሲጨባበጥ።»

«ማን ነው?»

«ገበያ መሐል ልጩህልህ? ወረቀትም አልይዝም፤ ኪሴን ይበረብሩታል። ግድግዳዬን ግን የሚበረብር የለም። ከስቅለቱ ሥዕል ላይ አኖረዋለሁ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ብቅ በል።»

«እኔ ሥዕል አላውቅም፣ አለቃ።»

«ክፉውን በአንድ ዓይን፣ ደጉን በሁለት ዓይን ነው የምንሥለው። ይህ ከጠፋህ ስለላውን ትተህ ፍየል ጠብቅ!»

በሦስት ወር ሦስት ሰዎች ተሸጠው ሞተዋል። ቀጣይዋ ሞሚና እንዳትሆን ያሰጋል። ቦርደዴ መንገድ ዳር የግመል ወተት እየሸጠች፣ በስውር የጦር መሣሪያ ጭነው የሚያልፉትን መኪኖች ትቆጥራለች። ስሟንም መልኳንም የሚያውቅ አምባው ብቻ ነው። ከሃዲው ካወቃት አንድ ቀን አታድርም።

የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ደወል» ነው፤ የስልክ ቤቱ ብሩ። የአምባው ቃል በስልክ አዲስ አበባ የሚደርሰው በእሱ በኩል ብቻ ነው። ሁለተኛው «ዳኛው» ነው፤ የአምባው የቅርብ ኃላፊ በለጠ። የመቻራ ቡና ነጋዴ መስሎ በላንድሮቨር ይዞራል።

አምባው ወደ ግድግዳው ቀና አለ።

በመሐል ጌታ ተሰቅሏል። ፀሐይ ጨልማለች፣ ጨረቃ ደም መስላለች። ከመስቀሉ ሥር እመቤታችንና ዮሐንስ ቆመዋል። በግራና በቀኝ ሁለቱ ወንበዴዎች አሉ። አንደኛው ትንሿ ጣቱ ጎድላለች። ብሩም ትንሿ ጣት የለውም። የሌላው ቅልጥም ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ። በለጠ ቁምጣ ሲለብስ ያንን ጠባሳ ያላየ ቡና ለቃሚ የለም።

ፊታቸው ግን ባዶ ኖራ ነው።

አለቃ ፊት የሚያወጡት መጨረሻ ላይ ነበር። ለመጨረሻው አልደረሱም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይመለስ ነበር። አምባው ግን አምባው ነው! በቀኝ የተሰቀለው እንደዳነ፣ በግራ የተሰቀለው እንደጠፋ ሕፃን ሳለ ሰምቷል። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጠባሳው። ግራ እጁን ዘረጋ። ጎዶሎዋ ጣት።

ብሩ።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ በለጠ ዘንድ፣ ቡና መጋዘኑ ደረሰ።

«ደወል ነው» አለ።

በለጠ የመጋዘኑን በር ዘጋ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለ በለጠ፤ ፈገግ አለ። «ለእኔ ተወው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ከስልክ ቤቱ ጀርባ አንድ ጥይት ጮኸ። አሥር ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ አንድ ወሬ ያወራ ነበር፤ ብሩ አገር ሸጦ ሊያመልጥ ሲል ተገደለ።

«አሁን የቀረችን ሴትዮዋ ናት» አለ በለጠ። «ደወል ጠቁሟት ይሆናል። ነገ ጠዋት አሳየኝና እናሽሻት።»

«እሺ።»

በማግስቱ አለቃ ጎበዜ ተቀበሩ። ከመወጣጫ ወድቀው ነው ተባለ። ቀብሩ ሲያበቃ የደብሩ መነኩሲት እማሆይ ሣህሊቱ ሥዕሉ ፊት ቁጭ ብለው ያለቅሱ ነበር። አምባው ዝም ብሎ ማለፍ ከበደው።

«አይዞዎት፣ እማሆይ። የዳነውንም የጠፋውንም ሠርተውልን ሄደዋል» አለ፤ ጠባሳ ወዳለው እየጠቆመ። «ይኸው ንስሐ የገባው።»

እማሆይ እንባቸውን ጠረጉ። «እሱ ዳክርስ ነው፤ የተሳደበው።»

«በቀኝ በኩል አይደል እንዴ ያለው?»

«በማን ቀኝ?»

አምባው ቀኝ እጁን አነሳ።

«ኧረ አንተ ሰው! የጌታ ቀኝ ነው እንጂ የአንተን ቀኝ ማን ጠየቀህ? የተሰቀለው እሱ፣ አንተ ቆመህ የምታይ! ራሱን ወደ ማን እንዳዘነበለ እንኳ አታይም?»

አየ።

ራሱን ያዘነበለው ጣቱ ወደ ጎደለው ነበር።

ተራራ ቢጫንበት የማይንበረከከው ሰው ተንበረከከ። እማሆይ ለጸሎት መስሏቸው ቦታ ለቀቁለት።

ውጭ ላንድሮቨሩ ጥሩምባውን ነፋ።

አዲስ አበባን መጥራት አይቻልም። መስመሩን የሚያገናኘው ሰው ሞቷል። የገደለው እሱ ራሱ ነው፤ በአንድ ቃል።

ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባና ተቀመጠ።

ወደ ሚኤሶ የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመሩ። አቧራው ሰማይ ነካ።

«ብሩ ምን አለ?» አለ አምባው።

«መቼ?»

«ስትተኩስበት።»

«ምን ይላል? ሚስቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችኝ ነው አለ።» በለጠ ሳቀ። «የሴትዮዋ ስም ማነው?»

«ስንደርስ ታያታለህ።»

«አሁን ንገረኝ።»

መኪናው ቆመ። በለጠ አንድ እጁን ከመሪው ወደ ወገቡ ሰደደ።

አምባው ሽጉጡን ቀድሞ መዘዘ።

የጥይቱ ድምፅ ሸለቆውን ሰባት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ዝም አለ። በሟቹ በለጠ የደረት ኪስ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። ሦስት ስሞች ተሠርዘዋል። ከሥራቸው «ቦርደዴ፣ ሴት» የሚል አለ፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

በሳምንቱ ሞሚና ስምንት መኪና ቆጠረች። ማን እንደፈለጋት እስከ ዛሬ አታውቅም።

አምባው ወረቀቱን ከሪፖርት ጋር በሰው ላከ። ሁሉንም ጻፈ፤ የራሱን ስሕተትም። መልሱ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። «ሥራህ ተመስግኗል። ደወል ንጹሕ ነው ከተባለ ለማን ይሠራ እንደነበር ይጠየቃል። ከተማው ያመነው ይቆይ።»

በግንቦት የርጭቱ ተራ የእነብሩ ሰፈር ሆነ። የብሩ ሚስት አይናዲስ ዕቃዋን ብቻዋን እየጎተተች ወደ ደጅ ታወጣ ነበር። ጎረቤት አላገዛትም።

አምባው ቁም ሳጥኑን አነሳላት። ግድግዳውን ረጨ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመች።

«የወባው፣ አንተ ሰው ቤት ሁሉ ትገባለህ። ስለ ባለቤቴ ምን ይላሉ?»

«እኔ ወሬ አልሰማም፣ እሜቴ።»

«አንድ ሰው እንኳ አልሠራውም የሚል የለም? አንድ ሰው?»

የመርጫውን ማንገቻ አጠበቀ።

«መስኮቱን እስከ ማታ እንዳይዘጉት» አላት። በሩ ላይ ቀኑን በጠመኔ ጻፈና የሚቀጥለውን ቤት አንኳኳ።