ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

አንድ ሰው መጽሐፍ ሳያነብ «አንብቤያለሁ» ብሎ ዋሽቷል ብላችሁ ለመፍረድ ስንት ሰከንድ ይበቃችኋል? «የሐይቅ ዳር ልጆች» ለሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ሃያ ሰከንድ በቅቶታል። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ሃያ ሰከንድ ነዋ።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልዩ፣ ካዛንቺስ ባለው የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ነበር። ግሩፑ ውስጥ አራት ሺህ ሰው አለ። ሁሉም «የሐይቅ ዳር ፖስተኛ» የሚባለውን ልብ ወለድ የሚወዱ ናቸው። በየወሩ ስለ መጽሐፉ ሃያ ጥያቄ ይለቀቃል፤ ያሸነፈ «የወሩ አንባቢ» ይባላል። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት መጣ፤ ደብዳቤዎቹን ያቃጠለው ማን ነው?

ልዩ «ፖስተኛው» የሚለውን ነካች። አረንጓዴ በራላት። እስከዚያ አንድም ሳትስት ስትመራ የነበረችው ኢኽላስ ግን «እናትየው» ብላ ቀይ በራባት። ኢኽላስ ልዩ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ዘጠነኛ ሐ የምትማር፣ አባቷ ላንቻ ሱቅ ያላቸው ዝምተኛ ልጅ ናት። ወዲያው ጻፈች፤ «መልሱ ተሳስቷል። ያቃጠለችው እናትየው ናት። ገጽ 143 ላይ አለ።»

ከዚያ ዘነበባት።

«የቱ መጽሐፍ ላይ? የሕልምሽ?»

«እናትየው ደብዳቤ መኖሩን መቼ አወቀችና ነው?»

«ፌክ አንባቢ። ሼም ነው።»

ልዩም የሚስቅ ፊት ለጠፈች። አንድ ብቻ። አራት ሺህ ሰው ሲስቅ አንድ ፊት ምን ይጨምራል? ብዙ ይጨምራል፤ ግን ያን ጊዜ አላሰበችውም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኢኽላስን ከግሩፑ አስወጧት።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ኢኽላስ ዘጠነኛ ለ ክፍል ገብታ ልዩ ዴስክ አጠገብ ቆመች።

«ፒዲኤፉን የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

ልዩ በዚያ ፒዲኤፍ ትኮራለች። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ላንቻ መጽሐፍ የሚያከራዩት ጋሽ ገበያው ጋ አንድ ቅጂ ተገኘና ለአንድ ቀን ተከራይታው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ገጽ በገጽ በስልኳ አንስታ ለግሩፑ ለቀቀችው። አራት ሺህ ሰው የሚያነበው እሷ ያነሳችውን ነው። «የልዩ ፒዲኤፍ» ይሉታል።

ኢኽላስ መጽሐፉን ዴስኩ ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ያው የጋሽ ገበያው ቅጂ ነበር። 142፣ 143። ልዩ እነዚህን ሁለት ገጾች አይታቸው አታውቅም። እናትየው ምድጃው ፊት ተንበርክካ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እያነበበች ትማግዳለች። ገጽ 144 ላይ ፖስተኛው ደርሶ አመዱን በእግሩ ይበትናል። ፒዲኤፉ ላይ ያለው አመዱ ብቻ ነው።

ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጣለች። ማንም ያላወቀባት ደግሞ ጣቶቿ እንዳይታዩ የፎቶዎቹን ጠርዝ ስትቆርጥ የገጽ ቁጥሮቹንም አብራ ስለ ቆረጠች ነው።

«እኔ... ማለቴ፣ አላየሁትም» አለች።

«አውቃለሁ። አንቺን ልወቅስ አልመጣሁም። ብቻ አንድ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነው።» ኢኽላስ መጽሐፉን ዘጋችው። «የሰፈር ልጆች ዳቦ ሊገዙ መጥተው ‹ገጽ 143 አለ?› ይሉኛል። አባቴ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ‹አልቋል በያቸው› አለኝ።»

ልዩ ልትስቅ ነበር። የኢኽላስን ፊት ስታይ ተወችው።

የግሩፑ አስተዳዳሪ ሰብሊ ናት፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከልዩ ጋር አንድ ዴስክ የምትጋራ፣ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዝግጅት የምታቀርብ ጓደኛዋ። ልዩ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ነገረቻት። ሰብሊ አልደነገጠችም።

«በቃ፣ አውቃለሁ» አለች። «ቅዳሜ ገጹን ፎቶ አንስታ በውስጥ ልካልኝ ነበር።»

«መቼ? ከማስወጣትሽ በፊት?»

«ልዩዬ፣ አታካብጂ። አሸናፊው ታውቋል። አሁን ተሳስተናል ብንል ነገ ማን ያምነናል? ደግሞ ስህተቱ የማን ነው? ያንቺ ነው። ስምሽን ልለጥፈው?»

«ታዲያ አውቀሽ ነው ውሸታም ያስባልሻት?»

«እኔ አላልኳትም። ሕዝቡ ነው ያላት።»

ሕዝቡ። እንዴት ያለ ምቹ ቃል ነው። ማንም የማይጠየቅበት።

ልዩ ቤት እንደደረሰች ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ «ፒዲኤፉ ሁለት ገጽ ይጎድለዋል። ስህተቱ የእኔ ነው። ኢኽላስ ልክ ናት።» መልእክቱ ግማሽ ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ። ደግማ ጻፈች። ጠፋ። ሦስተኛውን ስትሞክር የመጻፊያው ሳጥን ተዘግቷል፤ ለአንድ ሳምንት መጻፍ አይችሉም ይላል። ግሩፑ ውስጥ ወሬው ይፈሳል፣ እሷ ታነባለች፤ ከመስታወት በር ውጭ ቆሞ እንደ ማንኳኳት ነበር። አንዱ «ገጽ 143» የሚል ስቲከር ሠርቶ ለቋል። ስድስት መቶ ሰው ወዶታል።

ማክሰኞ ጠዋት የተማሪዎችን ሥርዓት ወደሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደር፣ ወደ መምህር ኃይለማርያም ሄደች። እስክትጨርስ ሰሟት።

«ይሄ ቴሌግራም ያለው የት ነው?»

«ስልክ ላይ ነው፣ ቲቸር።»

«ስልክ ግቢ ውስጥ ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም።»

«እንግዲህ በሌለ ነገር ላይ ምን ብዬ ልፍረድ? ሂጂ፣ ክፍልሽ ግቢ።»

በእረፍት ሰዓት ኢኽላስን ከቧንቧው ጀርባ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። መጽሐፍ አልያዘችም።

«ሞከርኩ» አለች ልዩ። «ያጠፉብኛል። መምህሩም አልሰሙኝም።»

«ተይው። እኔም ትቼዋለሁ። መጽሐፉን ለጋሽ ገበያው መለስኩት።» ኢኽላስ ጫማዋን አየች። «ሁለተኛ አላነበውም።»

በዚያው ቅጽበት የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ከበላያቸው ተንጫጫና የሰብሊ ድምፅ ግቢውን ሞላው። «ሰላም፣ ሰላም ውድ ተማሪዎች። ዛሬ በሥነ ጽሑፍ ዝግጅታችን ‹የወሩ አንባቢ›ን እናስተዋውቃችኋለን። በነገራችን ላይ፣ ገጽ 143ን ያገኘ ሰው ካለ ለቢሮአችን ያስረክብ።» ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ኢኽላስ ተነስታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች። አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ ነው የሄደችው።

ልዩ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል በር ስትከፍት ሰብሊ ሁለተኛ ወረቀት እያወጣች ነበር። ማሽኑን የሚቆጣጠረው ቀነኒሳ ዘፈን ሊከፍት እጁን ዘርግቷል።

«አትክፈተው» አለችው ልዩ። «ማይኩም ይብራ። ግማሽ ደቂቃ ብቻ።»

ቀነኒሳ ሰብሊን አየ፣ ልዩን አየ፤ እጁን መለሰ።

«ልዩ፣ ምን ሆነሻል? ላሽ በይ» አለች ሰብሊ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ሳይቀር ሜዳው ላይ ተሰማ።

ልዩ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልወጣም፤ ቀጭን ነበር።

«ልዩ እባላለሁ፣ ዘጠነኛ ለ። ያነበባችሁት ፒዲኤፍ የእኔ ነው፤ ገጽ 142 እና 143ን ዘልያለሁ። ቅዳሜ ከሳቁት አንዷም እኔ ነኝ። ኢኽላስ አልዋሸችም።» ትንፋሿን ሳበች፤ ከማይኩ ሳትርቅ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ሰብሊ፣ ከማስወጣትሽ በፊት ገጹን ፎቶ አንስታ ልካልሽ ነበር ወይስ አልላከችልሽም? ለእኔ አትንገሪኝ። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ መልሺ።»