መጋቢት አሥር

የካቲት ፲፮ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም. ማለዳ፣ ጭላሎ እስከ ወገቡ ጉም ለብሶ ሳለ፣ በአሰላ የአንድ ኮሌጅ የታሪክ ክፍል ኃላፊ የሆኑት አቶ ተክለወልድ ረዳት መምህርት ሙቢናን ቢሯቸው አስጠርተው አንድ ደብዳቤ ሰጧት። ደብዳቤው ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በጣልያን አገር፣ በጥንታዊቷ ሲዬና ከተማ ባቋቋመው የጥናት ማዕከል ለአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዓመት ቦታ ማዘጋጀቱን ይገልጻል። ሙቢና አንብባ ስትጨርስ ቦታው ለእሷ የታሰበ መሰላት።

"አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ተክለወልድ" አለች፤ "አላሳፍርዎትም።"

አቶ ተክለወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። "ኧረ እንድትተረጉሚው ነው ልጄ። ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለቦታውስ ለሊሴን ነው ያሰብኳት፤ ያቺ ልጅ የትም ብትቆም ታስከብረናለች።"

ሙቢና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ለሊሴ የጮሌ ወረዳ ገበሬ ልጅ፣ የሙቢናም የሥራ ባልደረባና የቤት ተጋሪ ነበረች። ሁለቱ በሲሬ ገጠር ሁለት ክረምት ዞረው፣ የአርሲ ሴቶች በሠርጋቸው ዕለት ስለሚቀበሏትና ጠብ ስለሚያበርዱባት ስለ ሲንቄ በትር ከአሮጊቶች አፍ ቃል ሰብስበዋል። ጽሑፉን የጻፈችው ሙቢና ናት፤ በጉባኤ ቆማ የተናገረችው ለሊሴ። አዳራሹ ያጨበጨበው ለተናገረችው ነበር፤ ሙቢናም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አብራ አጨብጭባለች፤ መዳፏ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የለሊሴን ሳቅ ከሌላው ክፍል በሰማች ቁጥር የምታነበውን መስመር ትስታለች፤ ስለዚህም በራሷ ታፍራለች።

ጊዜው የመንግሥት ለውጥ የሚጠበቅበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሰሞን ነበር። የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ የቢሮውም መስመር ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። በኮሌጁ ልማድ ደግሞ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ተተርጉሞ ትርጉሙ ላይ ማኅተም ከተመታ በኋላ ዋናው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ትቶ ዋናውን አምጡ የሚል ሰው አልነበረም። ሙቢና ተረጎመችው፤ በእነሱ ማርች አሥር የሚለውንም የማመልከቻ ማብቂያ መጋቢት አሥር ብላ ጻፈች። በዚያች ሰዓት ምንም ክፋት አላሰበችም።

ስህተቷን ያየችው የካቲት ፳፮ ቀን፣ የራሷን ማመልከቻ ለመሙላት የቢሮው መስመር በመጣበት ጠዋት ነው። የማመልከቻው ድረ ገጽ እንዳሳየው የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ የፈረንጆቹ ማርች አሥር በእኛ መጋቢት አንድ ነው። ሙቢና ያንኑ ጠዋት ማመልከቻዋን ከድጋፍ ደብዳቤዋ ጋር ላከች፤ ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሄዳ ፊቱ ቆመች። ብዕር በእጇ ነበር። አንድ ቁጥር መሰረዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

"ምን ታነቢያለሽ? ራስሽ ጽፈሽው?" አለች ለሊሴ ከኋላዋ መጥታ። እየሳቀች ክንዷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። "እኔ ገና ነኝ። ጋሽ ተክለወልድ የድጋፍ ደብዳቤውን ለመጋቢት ስድስት አደርስልሻለሁ ብለውኛል። እስከ አሥር ጊዜ አለኝ አይደል?"

ሙቢና ብዕሩን ኪሷ ከተተችው። "አለሽ" አለች።

ለሊሴ መጋቢት ስምንት ቀን ላከች። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ጊዜው አልፏል የሚል ነበር። አቶ ተክለወልድ አዝነው ዋናውን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ከትርጉሙ ጋር ሲያስተያዩት ስህተቱ ተገለጠ፤ እሳቸውም ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ለሊሴ አንድ ቀን ሙሉ በሯን ዘግታ ዋለች። ማምሻውን ወጥታ፣ ቀኑን እኔም ማስላት ነበረብኝ አለች፤ ሙቢና ሥራዋን ቀድሞ የመጨረስ ልማዷ እንደጠቀማትም ተናገረች። ሙቢና ተነስታ እራት አቀረበችላት።

ነሐሴ ላይ ቦታው ለሙቢና መሰጠቱ ታወቀ። የመሄጃዋ ዕለት ለሊሴ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ውስጡ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ነበር፤ የአርሲ ሰው ለሩቅ መንገድ የሚሰንቀው።

"እናቴ ለእኔ ብላ ነበር የቆላችው" አለች። "አይባክንም፤ አንቺም ልጇ ነሽ። እዚያ ቁርስ አጥተሽ እንዳትከሺብን።"

ሙቢና ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አፏንም ከፈተች፤ ነገር ግን የሚወስዳት የኢተያ ሚኒባስ ጥሩንባ ነፋ፤ ሻንጣዋም ተጫነ።

የኮሌጁ መዝገብ ስለዚያ ዓመት ሁለት ነገር ብቻ ይዟል፦ ሁለት መምህራን ማመልከታቸውንና የአንዷ ዘግይቶ መድረሱን። በሲዬና፣ የጡብ ግንብና ጠባብ መንገድ በከበበው የጥናት ማዕከል፣ በተመራማሪዎች መዝገብ ከአሰላ የመጣች የአንዲት ሴት ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከሰሌዳው ፊት ስለቆመችበት ጠዋት የጻፈ የለም፤ መዝገብ የሚያውቀው የተጻፈውን ነውና።

ጩኮው በሲዬና ቁምሳጥን ውስጥ ሳይፈታ ከረመ። በኅዳር ወር ለሊሴ ጣዕሙ እንዴት ነበር ብላ ጻፈችላት። ሙቢና፣ ግሩም ነበር፣ እናትሽን አመስግኚልኝ ብላ መለሰች።