ማንም ያልወጣበት ጣሪያ

መርማሪዋ ከግቢው ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ጉዳዩ ግን ተዘግቶ ነበር። የዘጋው የጣቢያው አዛዥ ነው። በአንድ እጁ ካቴና የገባለትን ጎልማሳ ክንድ ጨምድዶ፣ በሌላው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ሟች ከጣሪያ ላይ ወድቆ መሞቱን፣ የመሰላሉ አንድ እግር ጎማው የወለቀ መሆኑን፣ መሰላል መጠገን ያለበትም ይህ ጎልማሳ፣ የሟች ልጅ ባል፣ እንደነበር አስረዳት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይባላል። ከሰዓት በኋላ ወደ ማረፊያ ቤት ይወሰዳል።

«እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ተጠራሁ?»

«ፊርማሽ ያስፈልጋል፣ እህቴ።»

መርማሪዋ በሥራ ቦታ እህቴ የሚላት ሰው ወይ ሊያታልላት የፈለገ ወይ ማሰብ የደከመው እንደሆነ ከልምድ ታውቃለች። አዛዡን ከሁለተኞቹ መደበችውና ወደ ሬሳው አለፈች።

ግቢው ትንንሽ ተጎታች ቤቶች የሚጠገኑበትና የሚከራዩበት ነው። ተጎታች ቤት ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ፣ አንድ አልጋና አንድ ምድጃ የሚይዝ ባለ ሁለት ጎማ ሳጥን ነው፤ ሽርሽር የሚወዱ ሰዎች ከፍለው ገብተው የሚጨናነቁበት። ሟች የግቢው ባለቤት ነበር። ወርዱ ከቁመቱ ስለማያንስ ሰፈሩ «ኩንታል» ይለው ነበር፤ እሱም ስሙን ወዶት በግቢው በር ላይ አስጽፎታል። አሁን ኩንታል ከሁሉም ከምታንሰው ተጎታች ቤት ኋላ በጀርባው ተዘርሯል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ደግሞ የሲሊኮን ማሸጊያ ቱቦ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል።

«አየሽ፣» አለ አዛዡ፣ «ማሸጊያው እላይ ነው። እላይ የሚያስቀምጠው እላይ የነበረ ሰው ነው።»

«ወይም ታች ቆሞ መወርወር የሚችል ሰው።»

አዛዡ ሳቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱንም ሞልቶ ጨርሷል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። ጎማው የወለቀ መሰላል ሲንሸራተት አፈር ይፍቃል፤ እዚህ ግን የመሰላሉ እግር በሚያርፍበት ቦታ የተፋቀ ነገር የለም። በተጎታች ቤቷ አራት ማዕዘን ያሉት፣ ስትቆም መሬት እንዲረግጡ የሚወርዱት የብረት እግሮች ሁሉም ወደ ላይ ታጥፈዋል። ጎማዎቹም ታኮ አልተደረገባቸውም። ወደ ፊት ዞረች። ከፊት መኪና ላይ የሚያያዘው ጋንቾ፣ ከጋንቾው ከፍ ብሎ የጋዝ ሲሊንደሩ ሳጥን አለ። ሳጥኑም ጋንቾው የተያያዘበት ዘንግም ዝናብ አቡክቶት የደረቀ ወፍራም አቧራ ለብሰዋል። ጋንቾው ብቻ ታጥቦ ያበራል።

ውስጥ ገባች። ከአልጋው በላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እርጥበት ተንሰራፍቷል። ከመስኮቱ ሥር፣ ጠርዝ በሌለው ጠባብ መደርደሪያ ላይ፣ ግማሽ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ተቀምጧል። አዛዡ ሬሳውን እንዳየ በሩን ቆልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም። በሕይወቱ የሠራት ብቸኛ ጠቃሚ ሥራ ሳትሆን አትቀርም። መርማሪዋ ወጥታ ከኋላ ባለው ብረት ላይ በአንድ ጉልበቷ ብትደገፍ፣ ቤቲቱ እንደ ሚዛን ወደ እሷ ዘንበል አለች፤ ብርጭቆውም ውስጥ ሲንሸራተት ተሰማት። ቶሎ ለቀቀችና ፖሊስ ጠርታ ብርጭቆውን በጥንቃቄ እንዲያወጣ አዘዘች።

ቤተሰቡን አንድ በአንድ ወደ ወጥ ቤት አስጠራች። ወንበር አልሰጠችም፤ ወንበር ያገኘ ሰው ከልጅነቱ ይጀምራል።

መጀመሪያ ሚስትየዋ ገባች። ኩንታል በስተርጅና ያገባት፣ በዚህ ጠዋት እንኳ ጥፍሯን ቀለም መቀባት ያልረሳች ሴት ናት። ሻዩን ማለዳ የወሰደችለት እሷ ነበረች። ኩንታል ተጎታች ቤቷ ውስጥ ቆሞ ኮርኒሱን እያየ ይራገም ነበር። ሰሞኑን የመጀመሪያው ዝናብ ጥሏል፤ ጣሪያው ግን ባለፈው ወር ታሽጓል ተብሎ ተነግሮታል። መርማሪዋ ማን ነገረው ብላ ጠየቀቻት።

«ወንድሙ ነዋ። ጣሪያ የእሱ ሥራ ነው።»

የኩንታል ልጅ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች፤ ምላሷ ግን አላበጠም። ሳትጠየቅ ባሏን ከሰሰች። ጎማውን እንዲያስገባ አባቷ ስንት ጊዜ ለምኖት እንደነበር፣ ለአዛዡም ይህንኑ ተናግራ እንደፈረመች ነገረቻት። ባሏ አባቷን ይጠላ እንደሆን ስትጠየቅ፣ አይጠላም አለች። ታዲያ ለምን እንዲህ ቸኮልሽበት?

«አባቴን ያጣሁት በእሱ ስንፍና ነው። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው።»

በአባቷ ሬሳ ላይ ሕግ የምትጠቅስ ልጅ ለመርማሪዋ አዲስ ነገር አልነበረችም። ሂጂ አለቻት።

የኩንታል ታናሽ ወንድም ሲገባ ወንበሩን ራሱ ስቦ ተቀመጠ። «ሊቁ» ይሉታል። ስለ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልስ አለው፤ ባይጠየቅም አለው።

«ልጄ፣» አለ፣ «የዚህ ግቢ ጣሪያ ሁሉ በዚህ እጅ ነው ያለፈው። ይቺንም ባለፈው ወር አሽጌያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታፈሳለች?»

«ዕቃው ነው። የዛሬ ዕቃ ምኑ ዕቃ ነው?»

ከዚያ ስለ መሰላል አቀማመጥ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ሰው ክብደት ረጅም ትምህርት ሰጣት። ወንድሙ ግትር እንደነበር፣ ለእኔ ተውልኝ ቢለው እሺ እንዳላለ ተናገረ። ራሱ ጠዋት ተኝቶ ነበር፤ ሲተኛ ያየው ሰው የለም። ጣሪያ ሲያሽግም ያየው ሰው እንደሌለ አክሎ የነገራት በኩራት ነው፤ ሙያ ሰው ፊት አይሠራም ብሎ ግቢውን ባዶ ሳያስደርግ ሥራ አይጀምርም።

የኩንታልን አማች ያገኘችው በፖሊስ መኪናው ውስጥ ነው።

«ጎማውን አልጠገንኩም፣» አለ ቀና ሳይል። «አልክድም። ግን ያ መሰላል የተጣለ ነው። ደህናው ከወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎልዎታል። ኩንታል ያንን ትቶ ይህን ካነሣ፣ ያበድኩት እኔ ነኝ።»

«ሚስትህ ግን አንተን ነው የምትለው።»

«ሰማሁ። ስትፈርም አጠገቧ ነበርኩ።»

ጣሪያውን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው። አዛዡ ቢያጉረመርምም ካቴናው ተፈታ፤ ቤተሰቡ ሳሎን እንዲቆይ ተደረገ። አማቹ ሳያስብ፣ ሰው ጫማውን እንደሚያስር፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገባ፤ አራቱን እግሮች እያዞረ መሬት እስኪነክሱ አወረደ፤ ደህናውን መሰላል አመጣ፤ ጣሪያው ላይ ሰፊ ጣውላ አነጠፈ። ጣሪያው ስስ ነው፣ ሰው የሚችለው ክብደቱ በጣውላ ሲከፋፈል ነው አላት። ወጣች። ቤቲቱ ንቅንቅ አላለችም።

ዝናቡ ያቦካው አቧራ ደርቆ፣ ቅጠል እንደተጣበቀበት ጣሪያውን ሸፍኖታል። የእጅ ምልክት የለም፤ የጉልበትም የለም። ከሥሩ ያለው የድሮ ማሸጊያ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የሲሊኮን ቱቦው ብቻውን ከጠርዙ አጠገብ ተጋድሟል፤ አንስታ ስታየው ጫፉ ገና አልተቆረጠም። እንደነበረ መለሰችው፣ ወረደች፣ እግሮቹንም ታኮውንም እንዲያነሣ አደረገች።

ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ተጎታች ቤቷ ተጠራ። ሬሳው ተነሥቷል። መርማሪዋ መደርደሪያው ላይ ሌላ ብርጭቆ አስቀምጣ በሩን ክፍት ትታዋለች። ደህናው መሰላልም አጠገቧ ተዘጋጅቷል።

«ያ ቱቦ ይውረድልኝ፣» አለች ወደ ሊቁ ዞራ። «ባለሙያ እያለ ሌላ ሰው አላስቸግርም። አንቸኩልም። እንደ ልማድዎ ተዘጋጅተው ይውጡ።»

ሊቁ ዙሪያውን አየ። እንቢ ለማለት ብዙ ሰው ቆሟል። ስለ መሰላል ሌላ ትምህርት ሰጠ፤ አዛዡ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ንግግሩ ሲያልቅበት መሰላሉን ከኋላ አስደገፈና በየደረጃው እያረፈ ወጣ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። ጉልበቱን ጣሪያው ላይ ሊያሳርፍ ሲያነሣ ሚስትየዋ «እግሮቹ አልወረዱም» አለች፤ ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፤ አማቹ ወደ እግሮቹ ማዞሪያ ሮጠ። አልደረሰም። ቤቲቱ ኋላዋ ዝቅ፣ ፊቷ ከፍ አለ። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሊቁም መሰላሉን እንዳቀፈ ተንሸራትቶ በመቀመጫው አረፈ።

መርማሪዋ እስኪነሣ አልጠበቀችም።

«እኔ የኩንታልን ግማሽ አልሆንም፤ አንድ ጉልበቴን ባሳርፍ ዘንበል አለች። እሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሻዩ ወለል ላይ ይገኝ ነበር። ሻዩ ግን እንደተቀመጠ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አቧራም አልተነካም። ቱቦው እንኳ አልተከፈተም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እዚህ ጣሪያ ላይ የወጣ የለም። ያልወጣ አይወድቅም።»

«ታዲያ ማጅራቱን ምን መታው?» አለ አዛዡ።

ወደ ፊት ወስዳ አቧራ መካከል የሚያበራውን ጋንቾ አሳየችው። ሰው ተገፍቶ እዚህ ብረት ላይ በማጅራቱ ወደቀ። የገፋው ሰው ደሙን አጠበ። ከፊት ሳጥኑ መሰላል አያስደግፍም፤ ስለዚህ ሬሳውን ወደ ኋላ ጎተተ፣ ዱካውን አጠፋ፣ እጁ የገባውን መሰላል አጋደመ፣ ቱቦውን ወደ ላይ ወረወረ። ቲያትሩ ለአዛዡ በቂ ነበር።

«ግን ቲያትረኛው አንድ ነገር አያውቅም፣» አለች። «እዚህ ግቢ የሚኖር ሰው እግሮቹን ሳያወርድ ጣሪያ አይወጣም። የሚያውቅ ሰው ቢሆን እግሮቹን አውርዶ፣ ታኮ አስገብቶ፣ ደህናውን መሰላል አቁሞ ነበር የሚያታልለኝ። እነዚህ ሦስቱ ሲያዩ አስበው አይደለም የደነገጡት። አንድ ሰው ብቻ አልደነገጠም።»

ሊቁ ሱሪውን እያራገፈ ነበር። «ሰው ሲቸኩል ይረሳል፣» አለ።

«ጠዋት ቸኩለዋል እንበል። አሁንስ ማን አስቸኮለዎት?»

ሊቁ መልስ ሲያጣ ቤተሰቡ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ያሸጉት ጣሪያ የለም፤ አንድም ቀን ወጥተው አያውቁም። ዝናብ እስኪመጣ ጣሪያ ሁሉ ደህና ነው። ዝናቡ ሲመጣ ወንድምዎ ጠራዎት። እግር ማውረድ ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም፤ ያቺን ያህል ሙያ ቢኖርዎት ኖሮ ፈርሜ ሄጄ፣ ይህ ሰው ማረፊያ ቤት ገብቶልዎት ነበር።»

ልጅቷ አጎቷን አየችው። «አጎቴ፣ አይደለም በላት።»

ሊቁ ግን መርማሪዋንም ልጅቷንም አላየም። መሬቱን እያየ ነበር የተናገረው።

«ከፍታ ያዞረኛል። ከልጅነቴ ነው፤ እሱም ያውቃል። ውጣና ያሸግከውን አሳየኝ አለኝ። አልወጣም ስለው ሳቀ። ሊቁ ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ ሁልጊዜ እየሳቀ። ስገፋውም እየሳቀ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሚነገር አልነበረም። አዛዡ ካቴናውን ከአማቹ ኪስ የሚፈልግ ይመስል ዞር ዞር አለና፣ ከራሱ ወገብ ላይ አግኝቶ ሊቁ እጅ ላይ አጠለቀው። የሞላውን ወረቀት ለመቅደድ መርማሪዋን ፈቃድ ጠየቀ። በአፉ ውስጥ ስንጥሩ አሁንም አለ።

«ቅደደው፣» አለች። «ሌላ ስትጽፍ ከመጻፍህ በፊት ተመልከት።»

መኪናው ሊቁን ይዞ ሲወጣ አማቹ ጣውላውንና ታኮውን ወደ ወርክሾፑ መለሰ። ደህናውን መሰላል አንስቶ ሰቀለ። ሚስቱ ተከተለችው። በሩ ላይ ቆማ፣ አባቷ ሞቶ ልቧ እንዳልነበረ፣ አዛዡ ቶሎ ፈርሚ እንዳላት፣ ያየችው ወረቀት ብቻ እንደነበር ነገረችው። እሱ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

«ዛሬ የት ታድራለህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ጠዋት ብትጠይቂኝ ኖሮ ቤቴ እልሽ ነበር።»

ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በአጠገቧ አልፎ ወጣ።