የኦቦ ጎበና ባዶ ሆድ

ኦቦ ጎበና በሞቱ ማግስት ጠዋት ኢንስፔክተር ነገሳ ሰበታ ወደሚገኘው የክሊኒኩ አልትራሳውንድ ክፍል ሲገባ፣ የምርመራ ባለሙያዋ ሄመን የሟቹን ጉበት እያየች ነበር።

ማሽኑ ያስቀረውን አጭር ቅጂ ደጋግማ ታጫውተዋለች። ግራጫው ጉበት ወደ ታች ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ይተነፍሳል። ሬሳቸው ግን ሆስፒታል ነው ያደረው።

«ትናንት የመረመርሻቸው ሰው ናቸው?» አለ ነገሳ። ከሁሉ በፊት ሰዓት የሚያጣራ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር መርማሪ ነው። «ከስንት እስከ ስንት?»

«ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል። የምርመራው ቅባት ሆዳቸውን ሲነካቸው ‹ወይኔ፣ ይሄ የወንዝ ውሃ ነው!› ብለው ሳቁ። ከዚያ ዶክተሩ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ሁለት ጊዜ አጠገባቸው አልፌያለሁ። እንቅልፍ ነው ብዬ...»

በሰባት ሰዓት ሊቀሰቅሷቸው ቢሞክሩ አልነቃ አሉ። ነርሷ የደም ስኳራቸውን ስትለካ አሥራ ስምንት አገኘች፤ ከሰባ በታች መውረድ አልነበረበትም። ግሉኮስ ተሰጣቸው፤ አምቡላንሱ ሆስፒታል ሳይደርስ ግን አረፉ። ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «በረሃብ የገደለችው ይቺ ናት» ይላሉ። ሄመንም ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ለራሷ ስትነግረው አድራለች።

«የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ። ቀጠሮ ሊያስይዙ የመጡ ዕለት ለአዴ ገለቴና ለልጃቸው ለማርቲ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነግሬያቸዋለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እህል የለም፤ ውሃ ይፈቀዳል። የጠዋቱን የስኳር ክኒን ይዝለሉት፤ ከምርመራው በኋላ ወዲያው ይብሉ። ወተትና ቅቤ በተለይ ክልክል ነው፤ ስብ ሆድ ሲገባ ሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፣ ምስሉም ላይ ያስታውቃል አልኳቸው።»

«ሌላ ማን ሰማ?»

«ሁለቱ ብቻ። ኦቦ ጎበና ደጅ ወንበር ላይ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ሊቤ ደግሞ መኪናው ውስጥ።»

«እስቲ ሁሉንም ምስል አሳዪኝ።»

አንድ በአንድ አሳየችው። ኩላሊት፣ ጣፊያ፣ ጉበት። ከጉበቱ ሥር የምትገኝ አንዲት ቀጭን ነገር ላይ ሲደርሱ እጇ ቆመ። በባዶ ሆድ እንደ ሞላ ፊኛ ተነፍቶ መታየት የነበረበት ሐሞት ከረጢት እንደ ደረቀ በርበሬ ተሸብሽቧል።

«‹በልተዋል!› ብዬ ተቆጥቻቸው ነበር» አለች። «‹ልጄ፣ እህል በአፌ አልዞረም› አሉኝ። ዋሹኝ ብዬ የሐሞት ከረጢቱን ምርመራ ለሌላ ቀን ቀጠርኩ። ለቤተሰቡ አልነገርኩም።»

ነገሳ ምስሉን ረጅም ጊዜ አየው። «እንዳትነግሪያቸው።»

አዴ ገለቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሄመንን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«አዴ፣ ኦቦ ጎበና ትናንት ጠዋት ምን ቀመሱ?» አለ ነገሳ።

«ምን ይቀምሳል? ተከልክሎ! ሆዱን ሲቆርጠው መድኃኒቱ የከረመ ቅቤ ነበር። እሱንም ይቺ ዶክተር ስለከለከለች ደብቄበት ነው የመጣነው። ጎበና ቃሉን አያጥፍም። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሽማግሌ ይዞ የሚሄድበት ቤት ነበረው። ‹ይህ ሕመም ሳይገድለኝ ሆዴ ያለውን ላውጣ› አለኝ። የማን ቤት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንቅልፉ ‹ልጅቷ፣ ልጅቷ› ይላል።»

ማርቲ የመድኃኒቱን ቦርሳ በሁለት እጇ ይዛለች። «የጠዋቱን ክኒን አልሰጠሁትም፤ ይኸው። ግን ሁለት ሙሉ የክኒን እሽግ የለም። ቦርሳው መኪና ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።»

«ከምርመራው በኋላ ለምን አልበሉም?»

«ዳቦና ሻይ አምጥቼለት ነበር። ሊቤ ‹ተዪው ይተኛ፣ ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን ነው ያደረው› አለኝ። ተውኩት።» ማርቲ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ሊቤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ እነሱ ሰው በረሃብ ይገድላሉ፣ አንተ እኛን ታደርቃለህ?»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት የት ነበራችሁ?»

«ሴቶቹ ካርድ ሊያወጡ ተሰልፈው፣ እኔና አጎቴ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስንሰማ።»

«ምንም አልሰጠኸውም?»

«ምን ልስጠው? አትብላ ተብሏል እኮ! ሐኪም ያለውን እኔ እሰማለሁ።»

ነገሳ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ቁልፉን።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰብስቦ በሩን ዘጋ። ኦቦ ጎበና የተኙበት አልጋ ባዶውን መሀላቸው ነው። ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ሄመን ምስሉን ከፈተች።

«ሆስፒታሉን ጠየቅሁ» ብሎ ጀመረ ነገሳ። «ክኒኑን የዘለለ ሰው አንድ ሌሊት ባለመብላቱ ብቻ ስኳሩ አሥራ ስምንት አይወርድም አሉኝ። ወደዚያ ያወረደው ሌላ ነገር አለ። ክኒኑ። ግን ኦቦ ጎበና ያን ሁሉ ክኒን አውቀው አይውጡም። በምን ገባ? ሄመን፣ ይህ ምን ይላል?»

«ሐሞት ከረጢቱ ባዶ ነው። ከምርመራው በፊት ባለው ሰዓት ውስጥ ስብ ውጠዋል።»

«ዋሽቷል ትያለሽ?» አሉ አዴ ገለቴ።

«አልዋሹም» አለ ነገሳ። «እህል አልቀመስኩም ነው ያሉት። ቅቤ ለእሳቸው መድኃኒት እንጂ እህል አይደለም። ምሬቱን የሚሸፍን፣ እሳቸውም የማይጠረጥሩት ነገር እሱ ብቻ ነበር። የሰጣቸው ሰው ጥፋቱን ባዶ ሆዳቸው ላይ ሊጥል አስቧል። አዴ ገለቴና ማርቲ ግን ስብ ምስሉ ላይ እንደሚታይ ያውቃሉ። የሚያውቅ ሰው በገዛ እጁ ማስረጃ አይጽፍም። አትብላ መባሉን ብቻ የሰማ፣ ለምን እንደተባለ ያልሰማ አንድ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት አብሯቸው የነበረውም፣ ዳቦውን ያስመለሰውም እሱ ነው።»

ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለች የሽሮፕ ጠርሙስ አወጣ። ውስጧ በቅቤ ወዝቷል፤ ታችዋ ላይ ነጭ ዱቄት ረግቷል።

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው ያገኘኋት። ሊቤ፣ ልጅቷ ማን ናት?»

ሊቤ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ዓይኑ አልጋው ላይ ወደቀ።

«የተጂ መንገድ ላይ ገጨኋት» አለ። «ጨለማ አልነበረም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። ዘላ ገባች። አጎቴ አጠገቤ ነበር። ‹ቁም!› አለኝ። አልቆምኩም። ሁለት ዓመት ዝም አለልኝ። ትናንት ግን ሽማግሌ ይዞ እናቷ ዘንድ ሊሄድ ነበር። ‹እኔ ከሞትኩ በኋላ ተናገር› ብዬ ለመንኩት። ‹እኔ እኮ ቀድሜህ መሞቴ ነው› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ማርቲ አላየችውም። አዴ ገለቴ ቀስ ብለው ወደ ሄመን ተጠጉ።

«ልጄ፣ በረሃብ ገደልሽው ያልኩሽን ይቅር በይኝ።»

ሄመን ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟት።

«ሆዱ ውስጥ ምን ነበረበት?»

ሄመን ልትሸፍነው አሰበች። አልቻለችም። «ሐሞት ከረጢቱን በደንብ አላየሁትም። ከዚያ በቀር ጉበታቸውም ኩላሊታቸውም ደህና ነበር። የሚገድል ነገር አላየሁም።»

«ሊሞት አልነበረማ» አሉ አዴ ገለቴ። «እሞታለሁ ብሎ ነው አፉን ሊከፍት የተነሳው።» ወደ ነገሳ ዞሩ። «የልጅቷ ስም ማን ነው?»

«ሶያማ። የስምንት ዓመት ልጅ። ፋይሏ እስካሁን አልተዘጋም።»

«እናቷ አለች?»

«ተጂ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።»

አዴ ገለቴ ግድግዳውን ተደገፉ። «አውቃታለሁ» አሉ። «ሁልጊዜ ከእሷ ነው የምገዛው። ሁልጊዜ ትመርቅልኛለች።»

ከዚያ ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ማርቲ፣ ተነሺ። ሬሳው ሳይመጣ፣ ለቀስተኛ ሳይሞላ እንድረስ።»

«ቤት?»

«የለም። የሶያማ እናት ዘንድ።»