አብሬው ነው የምሄደው

ኢንስፔክተር ኮከቤ ከመሐል ሜዳ ተነሥታ ሞላሌ ስትደርስ ሬሳው ታጥቦ ተገንዟል፤ መቃብሩ ግን አልተቆፈረም። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ጉድ አይታለች። ቀባሪ ሞልቶ ቆፋሪ የጠፋበት ለቅሶ ግን ገና የመጀመሪያዋ ነው።

ሟቹ አቶ ገብረየሱስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ጋር ድራም ሲመቱ ኖረዋል። ኦርኬስትራው ሲበተን ድራሙን በጭነት መኪና ይዘው አገራቸው ገቡና እዚያው አግብተው ቀሩ። በዚያ የነሐሴ ሰሞን ሊሸጡት ተስማምተው፣ ገዢው ከአዲስ አበባ መጥቶ ባደረ በማግሥቱ ጠዋት፣ ድራሙ ካለበት ክፍል ሞተው ተገኙ።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ መልከ ጼዴቅ በአጥሩ በር ላይ ጠበቋት።

«ማስረጃዬን አጥባችሁ ቆያችሁኝ አባ» አለች መስቀላቸውን ተሳልማ።

«ከጤና ጣቢያ የመጣው ልጅ አይቷቸዋል። ቁስል የለባቸውም፤ የከሰል ጭስ ነው ብሏል። ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አላስገባቸውም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መስኮቱ ተደፍኗል፣ ከሰሉ መካከል ላይ ነው። ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም።»

«ራሳቸውን ገደሉ ያለው ማን ነው?»

«በገዛ አፋቸው ነው የተናገሩት። ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ ‹እንግዲህ ልትሸጠው ነው?› ብላቸው ‹አዎ፣ አብሬው ነው የምሄደው› አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ» አሉ ቄሱ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሟቹ አብሮ አደጋቸው ነበሩ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ከቅጥሩ ውጪ፣ ከገደሉ አፋፍ ይቆፈር።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሬሳው ራስጌ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኮከቤን ሲያዩ ቀሚሷን ጨብጠው ያዙ።

«ቆርበን ነው የኖርነው ልጄ። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጪ ልንቀበር ነው?»

ኮከቤ «ልየውና እነግርዎታለሁ እማማ» ብላ ወጣች።

ክፍሉ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በድንጋይ የተሠራ ነው። አባይነህ የተባለው የሟቹ የወንድም ልጅ ጠዋት በመጥረቢያ የገነጠለው መቀርቀሪያ መሬት ላይ ወድቋል። ቀይ ቀለሙ ዛሬም የሚያብረቀርቀው ድራም መካከል ላይ ተደርድሯል፤ ትልቁ ከበሮ ብቻ ከቦታው ተነሥቶ፣ ቆዳው ወደ ከሰል ምድጃው ዞሮ ቆሟል። ኮከቤ ተንበርክካ በዙሪያው ያሉትን አሥር ብሎኖች አንድ በአንድ ነካካች። ሰባቱ ጠብቀዋል፣ ሦስቱ ላልተዋል። የማጥበቂያዋ ቁልፍ በስምንተኛው ላይ እንደ ተሰካች ናት።

መስኮቱ፣ መስኮት ከተባለ፣ ከጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ነው። በተነደፈ የበግ ጠጉር ተወትፏል። ከውስጥ ሲታይ ጠጉሩ ልሙጥ ነው። ዞራ በውጭ በኩል ድንጋይ ላይ ቆመችና ስታየው ሦስት የጣት ጉድጓዶች ታትመውበታል፤ የራሷን ጣት ለካችበት፣ አልገባም። ነቅላ በላስቲክ ከተተችው።

ገዢው መኳንንት አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ እየገዛ የሚሸጥ፣ ብርዱ ያንዘፈዘፈው የከተማ ሰው ነው።

«ስንት ብለው ገመቱት?»

«ገና አልገመትኩትም። አካሉን አይቻለሁ፤ ቀለሙ አልተነካም፣ የነሐስ ሳህኖቹ አልተሰነጠቁም። ዋናው ግን ቆዳው ነው። ዛሬ ድራም ሁሉ ፕላስቲክ ነው የሚለብሰው። ከነጥጃ ቆዳው የቆየ ሲገኝ፣ ያውም ድምፁ ካለ፣ ዋጋው እጥፍ ነው። ትናንት ከሰዓት ስንመታው ግን ዱብ አለ እንጂ አልጮኸም።»

«ለምን?»

«ጉሙ ነዋ። ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይረግባል። ‹ነገ ጠዋት ና፣ እስከዚያ አስጮኸዋለሁ› አሉኝ።»

«ሰውየው ሲሞቱ ድራሙ ይረክስልዎታል አይደል?»

መኳንንት ደነገጠ። «እኔ ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሆቴል ነበርኩ። ዘበኛው በሩን ቆልፎብናል፤ ይጠየቅ።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ሌላም ነገር ብለውኝ ነበር» አለ፤ «በመኪናዬ ሁለት ወንበር እንድይዝላቸው። ሚስታቸው እንዳትሰማ አደራ ብለውኛል።»

ዘበኛው ተጠየቀ፤ እውነት ነው። አባይነህ ግን ማታ ብቻውን ቤቱ ነበር። ልጅ ለሌላቸው አጎቱ ያለው ወራሽም እሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፕላስቲክ። ቆዳውን አውልቀን አዲስ እናልብሰው አልኳቸው። ‹ቆዳዬን እንዳትነካ› ብለው አባረሩኝ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «የመጨረሻ ቃላችን ይቺ ሆነች።»

መዳፉ የድንጋይ ጠራቢ መዳፍ ነው፤ ጣቶቹ እንደ አካፋ እጀታ ወፍረዋል። ኮከቤ ቃሉን ሲፈርም ጣቶቹን አየች።

በመጨረሻ ወደ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተመለሰች።

«ማታ ምን ሰሙ እማማ?»

«ለሠርክ ጸሎት ወጥቼ ነበር። ስመለስ ከበሮውን ሲያንኳኳ ሰማሁት። የመጨረሻ ምሽቱ ነው፣ አብሮት ይደር ብዬ ተውኩት። ከሰሉን መቼ እንደ ወሰደው እንኳ አላየሁም። ዘግቶ ሞተ ይሉኛል እንጂ ከዚያ ወዲያ የሚነግረኝ የለም።»

ከጎናቸው የተነደፈ ጠጉር ያለበት ቅርጫት ተቀምጧል፤ ከላዩ ተዘግኗል። ኮከቤ ቅርጫቱን አየች፣ ከዚያ ቀጫጭን ጣቶቻቸውን አየች። ዝም አይነቅዝም ብላ ቀጣዩን ጥያቄ ዋጠችው። በሥራ ዘመኗ ጥያቄ ስትውጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉም በግቢው ተሰበሰቡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች ኮከቤ። «አባ፣ በቃላቸው ልጀምር። አቶ መኳንንት፣ ምን ጠየቁዎት?»

«ሁለት ወንበር። አዲስ አበባ ለሚመቱት ልጆች የቆዳውን ጠባይ ላሳያቸው አሉኝ። ‹ባለቤቴ ደግሞ ከሰው ጋር ስጫወት አንድ ቀን ሰምታኝ አታውቅም› አሉኝ።»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አብሬው ነው የምሄደው ያሉት ይህን ነው አባ። ሰው ሄደ ሲባል እኛ ሞትን አስቀደምን» አለች ኮከቤ። «ከሰሉም የረገበውን ቆዳ ሊያሞቁበት ነው። እያሞቁ ሰባት ብሎን አጥብቀዋል። ቁልፉ ስምንተኛው ላይ ሳለ ጭሱ እንቅልፍ መስሎ ወሰዳቸው። ሊሞት የተነሣ ሰው ብሎን ሲያጠብቅ አያመሽም።»

«መቀርቀሪያውስ?» አሉ ቄሱ።

«በዚህ ነፋስ ሳይቀረቅር የሚቀመጥ ማን አለ? እርስዎስ?»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መስኮቱስ ልጄ?»

ኮከቤ ትንፋሿን ሰበሰበች። «የተደፈነው ከውጭ ነው። የጣት ጉድጓዱ በውጭ በኩል ነው። እሳቸው ከውስጥ ቀርቅረው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ራሳቸውን አልገደሉም። ያስቆፍሩ።»

እዚያ ላይ ልታቆም ነበር። ነገር ግን ከኋላ አንድ ሰው «ከውጭ ከሆነማ ገዳይ አለ» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ አባይነህ ዞረ፤ ሁለት ጎረምሶች ከበሩ ላይ ቆሙ።

«የሱ ጣት እዚያ ጉድጓድ አይገባም» አለች ኮከቤ ፈጥና። «ጉድጓዱ የቀጭን ጣት ነው።»

«ታዲያ የማን ነው?»

መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን እምቢ አላት።

«ኧረ ልጁን ተዉት!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «መስኮቱንማ እኔ ነኝ የወተፍኩት። ከጸሎት ስመለስ ጉሙ እየገባበት ሲያስል ሰማሁት። ደረቱ መቼ ብርድ ይችላል? ጠጉሬን ዘግኜ፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ብርድ እንዳይመታው...»

ቃሉ እዚያ ላይ ቆመ። ሲወትፉ ለማሳየት የዘረጉት እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ። ዓይናቸው በተገነጠለው በር በኩል ወደ ከሰል ምድጃው ሄደና ወደ ኮከቤ ተመለሰ። ኮከቤ ፊቷን ልታዞር አልቻለችም።

አባይነህ መሬት ላይ ተንበርክኮ የአክስቱን እግር ያዘና ያለቅስ ጀመር። ቄስ መልከ ጼዴቅ መጥተው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ጎን አፈር ላይ ተቀመጡ፤ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አኖሩላቸው።

«ይቆፈር» አሉ ለጎረምሶቹ። «ከቅጥሩ ውስጥ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ፈልጉ።»

ቃሬዛው ሲነሣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ኮከቤን ጠሯት።

«አታስሪኝም?»

«አላስርዎትም እማማ። ወንጀል አልሠሩም።»

«ብታስሪኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ኮከቤ ክንዳቸውን ደግፋ ከቃሬዛው ኋላ አብራቸው ሄደች።