እጅሽን እስክታወርጂ

ሸዋርካብሽን ከኪዱ ጋር ያገናኛት ሬዲዮ ነው። ሰው በሠርግ ይተዋወቃል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይተዋወቃል፤ እሷ ግን የአሠሪዋን የተበላሸ ሬዲዮ በፌስታል አንጠልጥላ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ካለው የዓብዲ ሱቅ ገባችና እዚያው ቀረች። ሰውነቷስ ተመልሷል፤ ቀረ የምለው ልቧን ነው።

አሠሪዋ አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሱማሌ አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ሻሚስ ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ሬዲዮ ካልሰሙ ምሳ አይወርድላቸውም፤ «ዛሬውኑ አሠርተሽ ነይ» ብለው ነበር የላኳት። ሱቁ ውስጥ ዓብዲ የለም። አንድ ወጣት ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የክንፍ አፅም ከሚመስል እንጨት ጋር ይታገላል።

«ሬዲዮ ትሠራላችሁ?» አለችው በሱማልኛ።

«እንሠራለን» አለ በአማርኛ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ሱማልኛሽ ያሳብቃል።»

ያኔ ቀና አለ። አያት። ሊቀጥል ያሰበው ቀልድ ጠፋው። እሷም ሬዲዮውን መሀላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለች በመጨረሻ ወደ ወለሉ እየጠቆመች።

«አውሮፕላን ነው። ማለቴ፣ ሊሆን ነው። በሪሞት የሚበር።»

ዓብዲ ከዱባይ ካስመጣው ዕቃ መሀል ነበር የተገኘው፤ ሳጥኑ ውስጥ ግማሹ እንጨት ተሰባብሮ። ገዢ ሲያጣ «ቦታ ይዞብኛል፣ ውሰደው» ብሎ ለኪዱ ሰጠው። ኪዱ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠ አጥንቱን አጣብቆ፣ አፍንጫው ላይ ሞተሯን ተክሎ፣ የጭራውን መሪ በሽቦ አገናኝቶ ጨርሷል። የቀረው ልባሱ ብቻ ነው፤ እንደ ላስቲክ ያለ ስስ ነገር በእንጨቱ ላይ ይዘረጋና በካውያ ይተኮሳል፤ ሙቀቱ ሲያገኘው ይወጠራል፣ ይጣበቃል።

«እኔ ደግሞ ካውያ ይዤ ሸሚዝ እንኳ ያቃጠልኩ ሰው ነኝ» አላት።

«ስትተኩስ የምትውል ሴት ፊትህ ቆማ ምን ያስጨንቅሃል?»

የደነገጠችው ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው። ወይ ምላስ!

ዓርብ ከሰዓት የእሷ ነፃ ጊዜ ነው። ኪዱ አውሮፕላኑን በአንሶላ ጠቅልሎ ኤዶ ሻሚስ ግቢ ይዞት መጣ። አሮጊቷ አንሶላው ሲገለጥ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«አውጡት! ያንን ነገር ከግቢዬ አውጡት!»

ሐርጌሳ ያረጀ ሰው አውሮፕላን አይወድም። በዚያ በክፉው ዘመን የገዛ መንግሥታቸው አውሮፕላን ከገዛ ከተማቸው አየር ማረፊያ እየተነሳ የገዛ ከተማቸውን ሲደበድብ አይተዋል። የኤዶ ሻሚስ እህት ከቤት ወጥታ ሳትመለስ የቀረችው ያኔ ነው።

ኪዱ አንሶላውን መልሶ መጠቅለል ጀመረ። «ይቅርታ ኤዶ። የእኔም እናት ተምቤን ናት። ስልኩ ተዘግቷል፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። እሷም አሁን ሰማይ ሰማይ እያየች ይሆናል» አለ በሱማልኛ።

አሮጊቷ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ።

«እስቲ ክንፉን አሳየኝ። ቦንቡን የት ነው የሚይዘው?»

«ምንም አይይዝም ኤዶ።»

«እንግዲያው ሥሩት።»

እሱ የተምቤን ልጅ፣ እሷ የወሎ። አገር ቤት ጦርነት ነው። የሸዋርካብሽ ታናሽ ወንድም፣ የቤቱ መጨረሻ ኢዩ፣ ወታደር ሆኖ ከሄደ ከርሟል። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ ያወሩት አንዴ ብቻ ነው። «አናንሳው» አለች፤ «አናንሳው» አላት። አላነሱትም።

እሱ ልባሱን በሁለት እጁ ይወጥራል፤ እሷ ካውያውን ከመሀል ወደ ዳር እያስኬደች ትከተለዋለች። ጣቱ ሲሸሽ ካውያው ይደርሳል፤ ካውያው ሲደርስ ጣቱ ይሸሻል። አንዴ ግን ጣቱን መሸሽ ረስቶ ፊቷን ሲያይ፣ እሷም ካውያውን ማስኬድ ረሳች። የግራው ክንፍ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አንተ አይተኸኝ ነዋ!»

«ማየትም ክልክል ነው?»

«ካውያ ከተያዘ ክልክል ነው!»

ቀዳዳውን በቀይ ቁራጭ ደፈኑት። ኤዶ ሻሚስ ከጥላው ሥር ሆነው ሳቁ፤ አውሮፕላን አይተው ሲስቁ ያን ቀን መጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ታላቅ ወንድሟ ቢምረው ግንበኛ ነው፤ ሼክ ኑር ሰፈር ከሌሎች ሐበሻ ሠራተኞች ጋር ይኖራል። እህቱ ከአንድ ልጅ ጋር ትታያለች የሚለው ወሬ ሲደርሰው ሊቆጣ ኤዶ ሻሚስ ግቢ መጣ። ሲገባ ኪዱ አውሮፕላኑን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ክንፉ ሥር ደግፎ ሚዛኑን ይሞክር ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ጋደለ። በቀዩ ቁራጭ ምክንያት ግራው ከብዷል። ቢምረው ደግሞ የተንጋደደ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ ቁጣውን ረሳው። ከሱሪው ኪስ ትንሽ ሚስማር አወጣ።

«ቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ ይህችን አስገባባት።»

አስገባባት። አውሮፕላኑ ቀጥ አለ።

«ውሃ ልክ!» ብሎ ጮኸ ቢምረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኪዱን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «አማቼ» ነበር የሚለው።

የቀረው የርቀት ሙከራ ነው። የሪሞቱ አንቴና ተሰብስቦ እንዲያጥር ይደረጋል። ሸዋርካብሽ አውሮፕላኑን ታቅፋ ትቆማለች፤ ኪዱ ሪሞቱን ይዞ ይርቃል። ጭራው እስከታዘዘው ድረስ እሷ አንድ እጇን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። መታዘዝ ሲያቆም ታወርዳለች፤ እሱም ይመለሳል። ከግቢው በር ወጥቶ፣ እስከ ቅያሱ መጨረሻ ሄዶ፣ እጇ ሲወርድ እየሳቀ ይመለስ ነበር። ሙከራው አንዴ በቂ ነው። እነሱ ግን በየዓርቡ ሞከሩት፤ መመለሱ ጣፍጧቸው ነዋ!

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት አንድ ዓርብ። «ግን ማንን ልላክ? ዘመድ የለኝም።»

«ዓብዲ አለ አይደል?»

«ሱማሌ ሽማግሌ?»

«ጀማሉዲን አብሮት ይሂድ።»

ጀማሉዲን ኮድቡር ልብስ የሚነግድ ያገራችን ሰው ነው። ዓብዲ ሲነገረው ተጨነቀ። «ሽማግሌ ስሆን ምንድን ነው የምለው?» ብሎ ጠየቀ። «አንተ ጢምህን እያሻሸህ ዝም በል፤ ወሬው የእኔ ነው» አለው ጀማሉዲን። እሑድ ጧት ሽማግሌዎቹ ቢምረው ዘንድ ሊሄዱ፣ ከሰዓት አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ሊነሳ ተቆረጠ። ሁለት ደስታ በአንድ ቀን።

ጦርነት ግን የሰው ቀጠሮ አያውቅም። ቅዳሜ መርዶ መጣ። ኢዩ ሞቷል።

ቢምረው ቤት ለቅሶ ተቀመጡ። የሼክ ኑር ሐበሻ ሁሉ መጣ። ሸዋርካብሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወለሉ ላይ ናት። ከሰዓት ላይ ኪዱ በሩ ላይ ቆመ።

እንዴት ይቀራል? ለቅሶ እኮ የተጣላም ይደርሰዋል፤ እሱ ደግሞ አማች ሊሆን አንድ ሌሊት የቀረው ነው። ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ቦታ ሊለቅለት የተንቀሳቀሰ የለም።

«ማን ጠራህ?» አለ ቢምረው። ዓይኑ ቀልቷል። «አንተን ሳይ ወንድሜን የገደለው ነው የሚታየኝ። ከፊቴ ጥፋ።»

ኪዱ ወደ ሸዋርካብሽ አየ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ «ተቀመጥ» ብትለው ይቀመጥ ነበር፣ ቢገድሉትም ይቀመጥ ነበር። እሷ ወለሉን እያየች ዝም አለች። ወይ አንቺ ልጅ! ምነው ያን ጊዜ አፍሽ በተፈታ! እሱ እንደገና እጅ ነስቶ ወጣ።

ማታ ቢምረው «እሱን ካገባሽ ዛሬ የቀበርኩት ሁለት ሰው ነው» አላት። «እናታችን ይህንን ከሰማች ሌላ መርዶ ነው የምታረጃት፤ አትተርፍም።» በማግስቱ ደግሞ ጀማሉዲን መጣ፤ ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። «የሼክ ኑር ልጆች ጠጥተው ሲዝቱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወላሂ ይጎዱታል። ዓብዲ ጅቡቲ ወዳለው የአጎቱ ልጅ ሱቅ ሊልከው ነው። ኪዱም ከመሄዴ በፊት ሜዳው ላይ ትምጣ ብሏል።»

ሄደች። ከሼክ ኑር ወዲያ፣ ዋናው መንገድ አጠገብ፣ ደረቅ ሜዳ ነው። ኪዱ አውሮፕላኑን ገጣጥሞ ጨርሷል፤ ክንፉን በላስቲክ አስሯል፣ ባትሪውን አስገብቷል። ራቅ ብሎ የዓብዲ መኪና ቆሟል፤ የኪዱ ሻንጣ ከኋላ ይታያል።

«ተቀመጥ አላልኩህም» አለች። ሌላ ሰላምታ አልመጣላትም።

«መሬቱን ነበር የምታዪው» አላት ቀስ ብሎ። «መሬቱ ላይ ቦታ ነበር፣ ሸዋዬ።»

አለቀሰች። እንባዋን በአይበሉባው ጠረገላት።

«ሳይበር ልትሄድ ነው?»

«ከመብረሩ በፊት ይሞከራል። ያዢው።» አውሮፕላኑን አሳቀፋት። የሪሞቱን አንቴና ሰበሰበ። «እሄዳለሁ። እጅሽን ካወረድሽ እመለሳለሁ። ሻንጣዬንም አወርዳለሁ፣ ሽማግሌም እንደገና እልካለሁ፣ የመጣው ይምጣ። ካላወረድሽ ግን መኪናው ላይ እወጣለሁ። በአፍሽ ንገሪኝ አልልሽም።»

«ኪዱዬ...»

«እጅሽን አንሺ።»

አነሳች። ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ራቀ። ጭራው ግራ አለ፣ ቀኝ አለ። ግራ፣ ቀኝ። ደረቷ ላይ የተጠጋ ነገር ነውና መሪው ሲዞር ልብሷን ይነካታል። እሱ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ጭራው ብርድ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠና ቆመ።

እጇ ከባድ ሆነባት። ላውርደው? ባወርደው እኔ ደስ ይለኛል፣ እሱ ግን ይሞታል፤ እናቴም ትሞታለች። እናቱስ በሕይወት ካለች ማን ይጠይቃታል? ጌታዬ፣ ምነው ሞተሩ በተሰበረ፣ ምነው ይህ አውሮፕላን ዱባይ በቀረ! ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። እጇን ግን ከፍ አደረገችው፣ ይበልጥ ከፍ አደረገችው።

ኪዱ ቆመ። አውሮፕላኑን የሠራው እሱ ነው፤ አንቴናው ሲሰበሰብ እስከ የት እንደሚደርስ ያውቃል። ያንን ቦታ አልፎ በጣም ርቋል። እጇ በውሸት ከፍ ብሎ እንደቆመ አውቋል። ለረጅም ጊዜ አያት። ቃሉን የሰጠው ግን ለእጇ ነው፤ ዞረና ሄደ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች። እጇ አሁንም ላይ ነበር።

አውሮፕላኑ እሷ ዘንድ ቀረ፤ ሪሞቱ ከእሱ ጋር ሄደ። ኤዶ ሻሚስ ምንም ሳይጠይቁ ሳሎናቸው ጣሪያ ላይ በገመድ አሰቀሉላት። በየጊዜው የክንፉ ልባስ ይረግባል፤ እሷም እያወረደች በካውያ ትወጥረዋለች፣ ከመሀል ወደ ዳር።

ከጊዜ በኋላ አገር ቤት ሰላም ተፈረመ ተባለ። የተምቤንም ስልክ ተከፈተ። አንድ ዓርብ ቢምረው መጣ፤ ጠጉሩ ሸብቷል። አውሮፕላኑን ቀና ብሎ አየው፤ እጁን ዘርግቶ ቀኝ ክንፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ሚስማር ነካት።

«ያ ልጅ የት ነው?»

«ጅቡቲ ነበር። ከዚያ በጀልባ ባሕር ተሻገረ አለ ዓብዲ። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። እናቱም ደውላ ዓብዲን ስትጠይቀው ነበር።»

ቢምረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሽማግሌዎቹን ይላካቸው ልልሽ ነበር እኮ የመጣሁት» አለ። «ውሃ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ያጋደልኩት።»

«እኔም ነኝ ጋሼ» አለችው።

ያን ቀን ከሰዓት ባትሪውን ሞልታ፣ አውሮፕላኑን ታቅፋ ሜዳው ላይ ወጣች። ያኔ የቆመችበት ቦታ ቆመች። ማብሪያውን ነካችው። እጇን አነሳች። ጭራው ዝም ብሏል። መንገዱን እያየች ቆየች። ከዚያ ያን ጊዜ ያላደረገችውን አደረገች፤ እጇን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ኪዱዬ» አለች፤ «አወረድኩት።»

መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል። የቆመ አልነበረም።